ልጆቻችሁ ፉትቦል ለሚጫወቱ ወላጆች፦ የኮቹን ቤት እወቁት

ይድረስ ለ፦ በአዮዋ፣ በነብራስካ፣ በደቡብ ዳኮታ፣ በሚኒሶታና በካንሳስ ትናንሽ ከተሞች ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶችና አባቶች

ጉዳዩ፦ የልጆቻችሁን አሰልጣኝና ቤተሰቡን ስለ መቅረብ

ውድ ወገኖቼ፣

እንደምን ከረማችሁ? ኦገስት ሊገባ ነው። ኦገስት ሲገባ የሃይስኩል ፉትቦል ልምምድ ይጀመራል። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ይሰበስባል። የጥሪው ወረቀት ልጁ ቦርሳ ውስጥ ተጨማድዶ ይቀራል፣ ወይም በኢሜል ይመጣና ሳይነበብ ያልፋል። ስብሰባው ላይ የእኛ ሰው አይታይም። ዘንድሮ እንድትገኙ ልለምናችሁ ነው የምጽፈው። ተገኝታችሁም እንዳትመለሱ። ኮቹን፣ ሚስቱንና ልጆቹን እወቋቸው። ቤታቸውን እርገጡት፤ እነሱም የእናንተን ቤት ይርገጡት።

የማወራው ስለ አሜሪካው ፉትቦል ነው፤ ሄልሜት አጥልቀው፣ ትከሻቸው ላይ መከላከያ ደርበው ስለሚጋጩበት። ብዙዎቻችሁ ጨዋታው እንደማይገባችሁ አውቃለሁ። ለዚህ ደብዳቤ የጨዋታውን ሕግ ማወቅ አያስፈልግም።

እኔ እንደ እናንተው ነኝ። ባለቤቴ ሥጋ ፋብሪካ በማታ ፈረቃ ይሠራል። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድም እገባለሁ። ትልቁ ልጃችን ፉትቦል እየተጫወተ ሃይስኩል ጨርሷል። ትንሹ ዘንድሮ ይጀምራል። የምንኖረው አንድ ሃይስኩል ብቻ ባለበት፣ ሁሉም ሰው ሁሉን በሚያውቅበት ከተማ ነው።

እንዲህ ባለ ከተማ ዓርብ ማታ ሌላ መሄጃ የለም። የሜዳው መብራት ከሩቅ ይታያል። ገበሬው፣ ፖሊሱ፣ ፓስተሩ፣ የባንክ ሠራተኛዋ ሁሉም እዚያ ናቸው። ልጃችሁን ማልያው ላይ ባለው ቁጥር ያውቁታል። ስሙን ይጠራሉ፣ ያጨበጭቡለታል። እናንተን ግን አያውቋችሁም። ፋብሪካ በር ላይ ቢያገኟችሁ የእሱ እናት ወይም አባት መሆናችሁን የሚነግራቸው የለም። ይሄ ነው የሚያሳስበኝ።

ኮቹን ደግሞ ብዙዎቻችን የሚጮህ ሰው አድርገን ነው የምናስበው። እስቲ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በትንሽ ከተማ ኮቹ አብዛኛውን ጊዜ አስተማሪ ነው። ቀን ታሪክ ወይም ሒሳብ ያስተምራል። ለአሰልጣኝነቱ ከደሞዙ ላይ ትንሽ ይጨመርለታል፤ በሚያጠፋው ሰዓት ቢካፈል ኢምንት ነው። ሜዳውን ያጭዳል፣ ነጩን መስመር ያሰምራል፣ ማልያ ያጥባል። አንዳንድ ቦታ አውቶብሱንም የሚነዳው እሱ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የተጋጣሚውን ቪዲዮ ሲያይ ይውላል። ሚስቱ ይህን ሁሉ ተሸክማ ትኖራለች። ሐሙስ ማታ ለተጫዋቾቹ ሁሉ ምግብ ታዘጋጃለች። ትልቋ ልጅ ውሃ ታመላልሳለች። ትንሹ ልጅ ከሜዳው ዳር እየሮጠ ኳስ ያቀብላል። ቤተሰቡ በሙሉ ነው የሚያሰለጥነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ለእኛ ልጆች ይህ ቤት ምን እንደሆነ አስቡት። እኛ በፈረቃ ነን። አያት የለም፣ አክስት የለም፣ ጎረቤት አይቆጣም። እኛ ስናድግ መንገድ ላይ ያየን ትልቅ ሰው ሁሉ "ወዴት ነው?" ይለን ነበር። እዚህ ይህን የሚጠይቅ ሰው ጠፍቷል። የኮቹ ቤት ግን ይጠይቃል። ልጄ ከልምምድ በኋላ የሚወስደው ሲያጣ ኮቹ በመኪናው ቤት አድርሶት፣ መብራቱ እስኪበራ ውጭ ቆሞ ነበር የሚሄደው። ውጤቱ ሲወርድ እኔ ከመስማቴ በፊት ኮቹ ሰምቷል። ውጤቱ የወደቀ ልጅ አይጫወትም፤ ስለዚህ ኮቹ የእያንዳንዱን ልጅ ነጥብ ይከታተላል። ልጄ አልጀብራ ሲከብደው የኮቹ ሚስት ናት ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ያስጠናችው።

የጾሙን ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጨነቁበት ነውና። ፍልሰታ የሚውለው ልምምዱ በሚከብድበት፣ ፀሐዩ በሚያቃጥልበት በዚያው በኦገስት ነው። ጨዋታው ደግሞ ዓርብ ነው። ልጄ በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልተናገረም። ሌሎቹ የጨዋታ ቀን ምግብ ሲበሉ እሱ ሳህኑን ይዞ ጥግ ይቀመጥ ነበር። ያስተዋለችው የኮቹ ሚስት ናት። ደወለችልኝ። ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማይበላ፣ ከዚያም በኋላ ሥጋ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ እንደማይነካ አስረዳኋት። ከዚያን ሳምንት ጀምሮ ለብቻው ቲማቲም ስጎ ያለው ፓስታ በትሪ ታስቀምጥለት ነበር፤ ቺዝ የለው፣ ቅቤ የለው። ሌሎቹ ልጆችም መውደድ ጀመሩ። ስለ ፍልሰታው ነፍስ አባታችንን ጠየቅን፣ ከኮቹም ጋር ተነጋገርን፤ በሙቀቱ ውሃ ሳይጠጣ እንዳይሮጥ ተስማማን። ሙስሊም እናቶችም ስለ አሳማ ሥጋና ስለ ሃላል ንገሯት። ታደርገዋለች። የምታዝዘው ፒዛ ላይ ያለው ፔፐሮኒ ከምን እንደሚሠራ የእናንተ ልጅ አፍሮ አይነግራትም።

ይህ ዝምድና እስከ ምን እንደሚደርስ የሚያሳይ አንድ ቤተሰብ እዚሁ አዮዋ ውስጥ አለ። አዮዋ ለምትኖሩ ታሪኩ አዲስ ላይሆን ይችላል፤ የፈረንጅ ጎረቤቶቻችሁ በደንብ ያውቁታል። በአማርኛ ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ፓርከርስበርግ በሰሜን ምሥራቅ አዮዋ፣ በትለር ካውንቲ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። የሕዝቧ ቁጥር 2,000 ገደማ ነው። ኮች ኤድ ቶማስ እዚያ የገቡት በ1975 ነው። ትምህርት ቤቱ በኋላ ከጎረቤት ከተማ ጋር ተዋህዶ አፕሊንግተን ፓርከርስበርግ ተባለ። ኮች ቶማስ 34 ዓመት እዚያው ቆዩ። በሥራ ዘመናቸው 292 ጨዋታ አሸንፈው 84 ተሸነፉ። በ1993 እና በ2001 የአዮዋን ሻምፒዮና ወሰዱ። በ2005 ኤንኤፍኤል፣ ማለትም ትልቁ የአሜሪካ ፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ፣ የአገሪቱ የዓመቱ የሃይስኩል አሰልጣኝ ብሎ ሸለማቸው። ኬሲ ዊግማን፣ ጃሬድ ዲቭሪስ፣ ብራድ ሚስተርና አሮን ካምፕማን ከእሳቸው እጅ ወጥተው ኤንኤፍኤል ገቡ። አራቱም በአንድ ዘመን ነበር ሊጉ ውስጥ የሚጫወቱት። አንድ ሰፈር ከሚያህል ከተማ አራት ሰው ማለት ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ ይደነቃል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው 34 ዓመት የሚለው ላይ ነው። እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ወደ ትልቅ ቦታ መሄድ አያቅተውም። እሳቸው በዚያችው ከተማ ሁለት ወንዶች ልጆች ከባለቤታቸው ከጃን ጋር አሳደጉ። ክፍል ውስጥ አስተማሩ። ሜዳውን በገዛ እጃቸው ይንከባከቡት ነበር፤ ሰዉ "የተቀደሰ መሬት" እያለ እስኪጠራው ድረስ። ለተጫዋቾቻቸው የሚነግሩት ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ እምነት፣ ቤተሰብ፣ ከዚያ ፉትቦል። አባቶች ተጫውተው ሄዱ፣ ልጆቻቸው ተተኩ። በ34 ዓመት ውስጥ የእኚህ ሰው እጅ ያልነካው ቤት በዚያች ከተማ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም።

በ2008 ሜይ 25 እሑድ ቶርኔዶ ከተማዋን መታት። ኢኤፍ 5 ነበር፤ በመለኪያው ከዚያ በላይ የለም። ሰው ሞተ። ከ200 በላይ ቤት ፈረሰ። ሃይስኩሉ እንዳልነበረ ሆነ። የቶማስ ቤተሰብ ቤትም አብሮ ሄደ። ሜዳው በእንጨት፣ በመስታወትና በሚስማር ተሞላ። ኮች ቶማስ ግን በመጸው የመጀመሪያውን ጨዋታችንን እዚሁ ሜዳ ላይ እንጫወታለን አሉ። ተጫዋቾችና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ለቀሙ። ሴፕቴምበር ላይ መብራቱ በራ። ተጫወቱ፤ አሸነፉም።

አንዳንድ ሰው ቤት የሌለው ሰው ስለ ሣር ምን አስጨነቀው ሊል ይችላል። እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። እነዚያ ልጆች መኝታ ቤታቸውን፣ ክፍላቸውን፣ መንገዳቸውን በአንድ ከሰዓት በኋላ አጥተዋል። ዓርብ ማታ የት እንደሚሆኑ ማወቃቸው ትንሽ ነገር አልነበረም። ኮቹ የሰጧቸው ያንን ነው። የራሳቸው ቤት ፈርሶ ሳለ ማለት ነው።

ዓመት ዞረ። 2009፣ ጁን 24፣ ረቡዕ ጠዋት። ትምህርት ቤቱ ገና እየተሠራ ስለነበር ልጆቹ ክብደት የሚያነሱት በጊዜያዊ ክፍል ውስጥ ነበር። ሰመር ነው፣ ትምህርት የለም፤ ኮች ቶማስ ግን እንደ ወትሮው ከልጆቹ ጋር ናቸው። አንድ ወጣት ገባና ተኮሰባቸው። ተማሪዎች እያዩ። ኮች ቶማስ 58 ዓመታቸው ነበር። የገደላቸው ወጣት ራሱ የቀድሞ ተጫዋቻቸው ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ ከሆስፒታል የወጣው በዋዜማው ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የገዳዩና የሟቹ ቤተሰቦች አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ነበሩ። የወጣቱ ታናሽ ወንድም ደግሞ የዚያው ቡድን ተጫዋች ነበር። በእኛ አገር ደም የገባበት ቤት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የገዳይ ዘመድ አገር ጥሎ ይሸሻል። ሽማግሌ ተመላልሶ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ዓመት አልፎ ነው ዕርቅ የሚወርደው። እዚያ ግን የኮቹ አስከሬን ሳይቀበር ትልቁ ልጃቸው አሮን ሰው ፊት ቆመ። ለእኛ እንደምትጸልዩ ለወጣቱ ቤተሰብም ጸልዩ፣ እነሱም ሐዘን ላይ ናቸው አለ። አባቱ የተገደለበት ዕለት ነው ይህን የተናገረው።

የቀብሩ ቀን ሰው ከየቦታው መጣ። ኤንኤፍኤል የገቡት የቀድሞ ተጫዋቾቻቸውም ተገኙ። መጸው ሲመጣ ቡድኑ ተጫወተ። የወጣቱ ታናሽ ወንድምም ከቡድኑ ጋር ነበር። አሮን ሌላ ከተማ የነበረውን ሥራ ትቶ ተመለሰና የትምህርት ቤቱን የስፖርት ኃላፊነት፣ የአባቱን ቦታ ማለት ነው፣ ተረከበ። በ2010 ፍርድ ቤት በወጣቱ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። በዚያው ዓመት የቶማስ ቤተሰብ ኢስፒ በሚባለው ዓመታዊ የስፖርት ሽልማት ላይ የአርተር አሽ የጀግንነት ሽልማት ተሰጠው። ጃን፣ አሮንና ሁለተኛው ልጅ ቶድ በኮች ቶማስ ስም ወጣቶችን ሲያግዙ ቆይተዋል።

ይህ ከየት መጣ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። እምነታቸው ትልቁን ድርሻ እንደያዘ እነሱም ይናገራሉ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። ለዚያ ቤት ወጣቱ ባዕድ አልነበረም። ከልጆቻቸው አንዱ ነበር። ወንድሙም ከልጆቻቸው አንዱ ነው። የዚያች ከተማ ወንድ ልጅ ሁሉ በዚያ ቤት እጅ አልፏል። እንዲህ ያለ ዝምድና በአንድ ሳምንት አይሠራም። በሐሙስ እራትና በሰመር ልምምድ፣ በ34 ዓመት ነው የተሠራው።

እዚህ ላይ ስለ አእምሮ ሕመም አንድ ቃል ሳልናገር አላልፍም። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አብዛኛው ማንንም አይነካም፤ ሕመምተኛውን መፍራት ተገቢ አይደለም። የእኛ ችግር መደበቁ ነው። ልጁ ዝም ሲል፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ብቻውን ማውራት ሲጀምር በር ዘግተን እንይዘዋለን። ጠበሉም ይሁን ዱዓው አይቅር፤ ሐኪሙም አይቅር። ለኮቹም ንገሩት። በየቀኑ ልጁን የሚያየው እሱ ነው። ለውጡንም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

ወደ ፍርሃታችሁ ልምጣ። "ልጄ ጭንቅላቱን ቢመታስ?" ትላላችሁ። ተገቢ ፍርሃት ነው፤ እኔም ሁለተኛውን ልጅ ለማስጀመር ብዙ አመንትቻለሁ። በ2006 በዋሽንግተን ስቴት አንድ የ13 ዓመት ልጅ ጭንቅላቱን ተመቶ ወደ ጨዋታ ተመለሰ፤ አንጎሉ ክፉኛ ተጎዳ። በ2009 በስሙ ሕግ ወጣ። እስከ 2014 ድረስ ሃምሳዎቹም ስቴቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ኮንከሽን፣ ማለትም በምት የሚመጣ የአንጎል ጉዳት፣ የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፤ የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድለት አይመለስም። ይህን የሚገልጽ ወረቀት በየዓመቱ ይላክላችኋል። እናንተም ሳታነቡ ትፈርማላችሁ። አንብቡት፤ ካልገባችሁ አስነብቡት። ምልክቶቹ ተጽፈዋል፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ ብርሃን መጥላት፣ የሚያወራው መምታታት።

ኮንከሽን ባይኖርም ተደጋጋሚ ግጭት በዓመታት አንጎል እንደሚጎዳ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሟች ተጫዋቾችን አንጎል መርምረው አሳይተዋል። ብዙ ዓመት የተጫወተ ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ "ልጄ አይጫወትም" ብትሉ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ሳታዩ፣ ሳትጠይቁ አትከልክሉ፤ ሳታዩ፣ ሳትጠይቁም አትፍቀዱ። ኮቹን በሳምንት ስንት ቀን ሙሉ ግጭት እንደሚያለማምድ ጠይቁት። በልምምድ ላይ የሕክምና ባለሙያ አለ ወይ? በሙቀት ቀን ውሃ በየስንት ደቂቃው ይጠጣሉ? ጥሩ ኮች በጥያቄው ደስ ይለዋል። የሚቆጣ ከሆነ እሱም መልስ ነው።

ሳይጋጩ ከቡድኑ ጋር መሆንም ይቻላል። ቪዲዮ የሚቀርጹ፣ ነጥብ የሚመዘግቡ፣ ዕቃ የሚይዙ ልጆች አሉ። እነሱም ሐሙስ እራት ላይ ይቀመጣሉ።

አሁን የኮቹ ቤተሰብ የሚከፍለውን እናንሳ። ስለዚህ ማንም አያወራም። ቡድኑ ሲሸነፍ ተመልካቹ በኮቹ ላይ የሚወረውረውን ቃል ሚስቱ እዚያው መሐላቸው ተቀምጣ ትሰማለች። ልጆቹ ሰኞ ትምህርት ቤት ይሰሙታል። ሁለት መጥፎ ዓመት ከተከታተለ ኮቹን አንሱልን የሚል ይመጣል። ኮቹ ሲነሳ ሚስቱም ሥራዋን፣ ልጆቹም ጓደኞቻቸውን ትተው ይሄዳሉ። እኛ ደግሞ መሰደድ ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ነን። ቢያንስ እነሱን ብቻቸውን አንተዋቸው። ሲሸነፉ አጠገቧ ሄዳችሁ ተቀመጡ። እንግሊዝኛችሁ ቢሰበርም ግድ የለም፤ መቀመጡ በቂ ነው።

የኮቻችን ሚስት ሦስተኛ ልጅ ስትወልድ እኔና ሌሎች ሁለት እናቶች ገንፎ ሠርተን ይዘን ሄድን። መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ አድርገን። መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ከዚያ የአራስ ምግብ መሆኑን ስንነግራት አለቀሰች። ከወለደች ጀምሮ እናቷ ሩቅ ስለሆነች ምግብ ይዞላት የመጣ ሰው እንዳልነበረ ነገረችን። ቡናም አፈላንላት። ከዚያ ወዲህ እኔን ስታይ የምታቅፈኝ እንደ እህት ነው። የልጄ ኮች ሚስት መሆኗን እረሳዋለሁ።

አንድ ከባድ ነገር ልናገር። በሲዝኑ መጨረሻ ሲኒየር ናይት የሚባል አለ። የመጨረሻ ዓመት ተጫዋቾች አንድ በአንድ ስማቸው ይጠራል። እናትና አባታቸውን በግራና በቀኝ ይዘው ሜዳው መሐል ድረስ ይሄዳሉ። ለእናት አበባ ይሰጣል። ሰዉ ተነስቶ ያጨበጭባል። በልጄ ዓመት ከእኛው ወገን የሆነ አንድ ልጅ ነበር። ስሙ ሲጠራ ከጎኑ ማንም አልነበረም። ወላጆቹ ፈረቃ ላይ ነበሩ፤ ቀኑንም አያውቁም ነበር፤ ልጁ አልነገራቸውም። የኮቹ ሚስት ከመቀመጫዋ ወርዳ፣ አራስ ሕፃኗን ለሌላው ልጇ ሰጥታ፣ ክንዱን ይዛ አብራው ሄደች። አበባውንም ለእሷ ሰጣት። እኔ እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ለእሷ ደስ ብሎኝ፣ ለእናቱ አዝኜ። ያቺ እናት እኮ ልጇን የምትወድ ናት፤ የምትቆመው ለእሱ ነው፤ ስትሠራ የምታድረው ለእሱ ነው።

ልጆቻችን ለምን አይነግሩንም? አንዳንዱ ፈረቃ ስንቀይር ገንዘብ እንደምናጣ ስለሚያውቅ ነው፤ አዝኖልን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱን ዓለም ለየብቻ ማኖር ለምዶ ነው። ሜዳው ላይ አንድ ሰው፣ ቤት ሌላ ሰው ይሆናል። ያንን ግድግዳ ልጁ ብቻውን አያፈርሰውም። የምናፈርሰው እኛና የኮቹ ቤተሰብ ስንተዋወቅ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የኦገስቱ ስብሰባ ላይ ተገኙ። የጨዋታውን ፕሮግራም እዚያው ይሰጧችኋል፤ የሲኒየር ናይትን ቀን ክበቡበትና ለአለቃችሁ ከአሁኑ ንገሩት። ከወራት በፊት የተጠየቀ ፈረቃ ለመቀየር አይከብድም። ሐሙስ እራት ተራ ያዙ። እንጀራ የሚፈራ ልጅ የለም፤ ሳምቡሳ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ትሪው ባዶውን ነው የሚመለስ። ኮቹንና ቤተሰቡን አንድ እሑድ ቤታችሁ ጥሩ። ለጥምቀት ወይም ለኢድ ጥሩ። እነሱም ልጃችሁ ከየት እንደመጣ ያያሉ።

የማኅበር መሪዎች፣ ካህናትና ኢማሞችም ብታነቡት ደስ ይለኛል። በየከተማችሁ የሚጫወቱ ልጆች ስንት እንደሆኑ ጠይቁ። ዓርብ ማታ ሁለት ሦስት ቤተሰብ አንድ ላይ ቢሄድ ማንም ብቻውን አይፈራም። ወላጅ ፈረቃ ላይ ከሆነ ሌላው በቦታው ይቁም። በለቅሶና በሠርግ የምናውቅበት ነገር ነው።

ቋንቋው የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ በፌደራል ሕግ አለበት። አስተርጓሚ በነጻ ነው፤ በስልክም ይሆናል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ደውላችሁ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር" በሉ። ሁለት ቃል ነው። ከስብሰባው ቀን ቀደም ብላችሁ ብትደውሉ ይሻላል፤ ሰው ለማግኘት ጊዜ ይፈልጋሉ።

በአክብሮት፣
የአንድ ተጫዋች እናት
ከአዮዋ